የሬድመንዱ ልጅና የሚስተር ኮስታ ፊደላት

ግሪክኛ አልችልም። ይህን መጀመሪያውኑ መናገር ነበረብኝ፤ ለእናንተ ሳይሆን ለእትዬ ዘነቡ። ለእናንተማ ምን ቸገረኝ፣ እናንተ ልጃችሁን አልሰጣችሁኝም።

ነገሩ የተጀመረው በአንዲት ቃል ነው። ሲያትል በገባሁ በሁለተኛው ዓመት አንድ ክርስትና ላይ ተጠርቼ እትዬ ዘነቡ ከሚባሉ ሴት አጠገብ ተቀመጥኩ። «የት ነው የምትሠራው ልጄ?» አሉኝ። «ሬድመንድ» አልኳቸው። በእርግጥም የምሠራው ሬድመንድ ነው። እዚያ ባለው ትልቅ የሶፍትዌር ኩባንያ ግቢ ውስጥ ሠራተኞቹን ከሕንፃ ሕንፃ የሚያመላልስ ባስ እነዳለሁ። ይህን ልጨምር አፌን ስከፍት እትዬ ዘነቡ «ኮምፒውተሩ ጋ?» አሉና ዓይናቸው በራ። «አዎ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ» አልኩና ጎመኑን ጎረስኩ። በጎረሰ አፍ መናገር ነውር ነው ብለው ያሳደጉኝ ወላጆቼ ናቸው፤ ጥፋቱ የእነሱም ነው።

ልብ በሉ፣ ውሸት አልተናገርኩም። እውነቱን መንገድ ላይ አቆምኩት እንጂ። የባስ ሾፌር ነኝ፤ ማቆም ሥራዬ ነው።

እኛ ሐበሾች ዘንድ ደግሞ «ሬድመንድ ነው የሚሠራው» ከተባለ አለቀ። ወለል ይጥረግ፣ ድንች ይላጥ፣ በር ይጠብቅ፣ ማንም ዝርዝሩን አይጠይቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተበላሸ ነገር ሁሉ ወደ እኔ ይጎርፍ ጀመር። በመጀመሪያ የእትዬ ዘነቡ ፕሪንተር መጣ። ከዚያ የማይጮህ ስልክ መጣ። ማይክሮዌቭ ሳይቀር መጣ። እኔ የማውቀው መድኃኒት አንድ ብቻ ነው፤ አጥፍቶ ማብራት። የዚህ ዓለም ብልሽት እኩሌታው በዚሁ እንደሚድን የገባኝ ያኔ ነው። ዕቃው ከዳነ «እጁ መድኃኒት ነው» ይባላል፤ ካልዳነ «ድሮም አሮጌ ነበር» ይባላል። ሐኪም እንኳ እንዲህ ያለ ዕድል የለውም።

ይህም ባልከፋ። ችግሩ እትዬ ዘነቡ ትዕግሥት የምትባል ልጅ አለቻቸው። ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት። ለእሷ ሥራዬን የነገርኳት በተዋወቅን በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ቅር አላላትም። እናቷ ምን እንደሚያምኑ ስነግራት ግን ሳቀች፣ ሳቀችና በድንገት ሳቋን አቆመች። ሦስት ዓመት ሙሉ «ንገራት» ስትለኝ፣ እኔ «እሺ» ስላት ኖርን። በመጨረሻ ሽማግሌ ለመላክ ቀን ቆረጥኩ።

«ሶ፣ ማሚን መቼ ነው የምትነግራት?» አለችኝ።

«ከሰርጉ በኋላ ብናደርገውስ?»

«ሽማግሌዎቹ ሰንዴይ በዘጠኝ ሰዓት ነው የሚመጡት፣ ኦኬ? ከዚያ በፊት ካልነገርካት በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ፤ እኔው እመልሳቸዋለሁ። እናቴን ዋሽቼ አላገባም።»

ይቺን ልጅ ትዕግሥት ብሎ ስም ያወጣላት ሰው ቸኩሎ ነበር።

እንግዲህ ሳምንቱ ሰኞ ጀመረ። ልነግራቸው ስልኩን አንስቼ፣ አስቀምጬ፣ እንደገና ሳነሳ እሳቸው ራሳቸው ኮል አደረጉልኝ።

«ልጄ፣ ቶሎ ድረስ! ሚስተር ኮስታ ከትናንት ጀምሮ ሾርባ አልቀምስም ብለዋል።»

እትዬ ዘነቡ ስካይዌይ በሚባል ሰፈር ባለው ቤታቸው አራት አዛውንቶች ይጦራሉ፤ የመንግሥት ፈቃድ ያለው የአረጋውያን ቤት ነው። ሚስተር ኮስታ ከአራቱ አንዱ ናቸው፤ የሰማንያ ስምንት ዓመት ግሪካዊ፣ ቅንድባቸው ብቻ ለሌላ ሰው ጢም ይበቃል።

«ታመው ነው?» አልኩ።

«ምን ይታመማሉ! የእህታቸው ልጅ ከቺካጎ መጽሐፍ የሚነበብበት ማሽን ልካላቸው፣ ተበላሽቶባቸው ነው። ግሪክኛው አልወጣም አሉ።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ ግሪክኛ…»

«ቋንቋውን ተወው። ማሽን ማሽን ነው፤ አንተ ታውቅበታለህ።»

ሄድኩ። ማሽኑ ኢ-ሪደር የሚሉት ነው፤ ያኔ ገና ብርቅ ነበር። እንደ ደብተር ልባስ ስስ ሆኖ፣ ሆዱ ውስጥ አንድ መደርደሪያ ሙሉ መጽሐፍ ይይዛል። ዓይኑ ለደከመ ሰው ትልቁ ጥቅሙ ፊደሉን እስከፈለገው ድረስ ማሳደግ መቻሉ ነው። ሚስተር ኮስታ ገጹን አዙረው አሳዩኝ። ግሪክኛ አለ፤ ግን በየቃሉ መሀል ጥርሱ የወለቀ ይመስል አንድ ባዶ ሳጥን፣ አንዳንዴም ሁለት ሳጥን ተደቅኗል።

ግሪክኛውን ባላውቀውም ሳጥኑን አወቅኩት። የድሮ ጎረቤቴ ነው። መጀመሪያ እዚህ አገር ስመጣ እህቴ ከአዲስ አበባ በአማርኛ ኢሜይል ትልክልኝ ነበር። ኮምፒውተሬ ፎንት የሚሉት የአማርኛ ፊደል ስላልነበረው ሰላምታውም፣ ወሬውም፣ ስሟም ሳጥን ሆኖ ይመጣል። አንድ ጊዜ ከወትሮው የበዛ ሳጥን ስትልክልኝ ደስ ብሏት መሆን አለበት ብዬ «እንኳን ደስ አላችሁ!» ብዬ መለስኩ። ለካ የጻፈችው ነፋስ የቤታችንን ጣሪያ ገንጥሎ እንደወሰደው ነበር። እስከ ዛሬ በዓል በመጣ ቁጥር ታነሳብኛለች።

የሚስተር ኮስታን ማሽን አጠፋሁት። ጥቂት ጠብቄ አበራሁት። ሳጥኖቹ ተመለሱ፤ እንዲያውም አረፍ ብለው የመጡ መሰሉ። ሚስተር ኮስታ በዚያ ቅንድባቸው ስር አዩኝ። እትዬ ዘነቡ በሩ ላይ ቆመው በኩራት አዩኝ።

«ቢሮ ወስጄ አየዋለሁ» አልኩ። ቢሮዬ አርባ ወንበርና አንድ መሪ ያለው ነው።

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ባሱን ጥግ ላይ ፓርክ አድርጌ ማሽኑን መጎርጎር ያዝኩ። መጽሐፉ ግሪክኛ ከሆነ ማሽኑም ግሪክኛ ይሁንለት፣ ተግባብተው ይሠሩ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ይህ ሐሳብ ያኔ በጣም ብልህ መስሎኝ ነበር። ቋንቋ የሚለውን ገብቼ ግሪክኛ አደረግኩት። ወዲያው ማሽኑ በሙሉ ግሪክኛ ሆነ፤ ሳጥኖቹ ግን እዚያው ናቸው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። እንዳልመልሰው «ቋንቋ» የሚለው ቃል ራሱ ግሪክኛ ሆኗል። እኔ ደግሞ ከግሪክ ፊደል የማውቀው በትምህርት ቤት ሒሳብ ውስጥ ያሉትን ነው፤ አልፋ፣ ቤታ፣ ቴታ፣ ፓይ። ስክሪኑን ባየሁት ቁጥር የወደቅኩበት ፈተና ትዝ እያለኝ አላበኝ። አንዱን ስጫን ሌላ ገጽ ይከፈታል፤ ሌላውን ስጫን ሁለት ቁልፍ ያለው ጥያቄ ብቅ ይላል። ምን እንደሚጠይቀኝ እግዜር ይወቀው። ሲጨንቀኝ የግራውን እጫናለሁ። እንደገና ይጠይቀኛል፤ እንደገና የግራውን እጫናለሁ። እንዲህ ስንጠያየቅ የምሳ ሰዓቴ አለቀ።

ረቡዕ ጠዋት ማሽኑ ከመሪው አጠገብ ተቀምጦ፣ ያንኑ ጥያቄ እንደጠየቀኝ ነው። ሁልጊዜ ከጀርባዬ የምትቀመጥ አንዲት ተሳፋሪ አለች፤ ስትገባ «ደህና አደርክ»፣ ስትወርድ «አመሰግናለሁ» የምትል ሴት ናት። ስክሪኑን አየችና፣

«ግሪክኛ ታነባለህ?» አለችኝ በአድናቆት።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ አንድ ሰከንድ ያህል «አዎ» ልል ነበር። በሽታው እዚህ ድረስ ደርሷል። እንደ ምንም ራሴን ገትቼ «አልችልም፣ ጭንቅ ውስጥ ነኝ» አልኳት። «እሌኒ እባላለሁ» ስትለኝ ደግሞ የኛ ሰው መስላኝ የማን ልጅ ነሽ ልላት ዳዳኝ፤ ለካ አገሯ አቴንስ ነው። ማሽኑን ተቀብላ አነበበችና በሳቅ ወንበሩ ላይ ተደገፈች።

«‹ያሉትን መጻሕፍት ሁሉ ላጥፋ ወይ?› እያለህ ነው። ስንት ጊዜ መለስክለት?»

«አሥር ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።»

«አሥሩንም ‹አይ› ብለሃል። ቀኙን ብትጫን ኖሮ አልቆልህ ነበር።»

ሚስተር ኮስታና ሾርባቸው በዓይኔ ላይ ዞሩ። እሌኒ እየሳቀች ማሽኑን ወደ እንግሊዝኛ መለሰችልኝና የሳጥኑን ነገር አስረዳችኝ። ያሁኑ ግሪክኛ በፊደሉ ላይ ብዙ ምልክት አያደርግም፤ የድሮው ግን ትንፋሹንም፣ ድምፁ የሚነሳበትንም በየፊደሉ ራስ ላይ ይደረድራል። መጽሐፉ የድሮ ነው፤ በማሽኑ ውስጥ ያለው ፎንት ደግሞ የድሮዎቹን ምልክቶች አያውቃቸውም። ያላወቀውን ሁሉ ሳጥን ያደርገዋል። በልቤ አዘንኩለት። እኔስ ያላወቅኩትን ሁሉ አጥፍቼ አበራ የለም?

ሐሙስ ዕለት ሰባት ፎንት ይዛ መጣችና እዚያው ባሱ ውስጥ ማሽኑ ላይ ጫነችልኝ። «ለምን ሰባት?» አልኳት። «ሁሉም ምልክቶቹን ያወጣሉ፤ መልካቸው ግን ይለያያል። የሚመቻቸውን ሽማግሌው ይምረጡ» አለችኝ። ፊደል ፊደል ነው፣ ምን ምርጫ አለው ብዬ ናቅኩት። ሰውን መናቅ ጥሩ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ፊደልንም መናቅ ጥሩ እንዳልሆነ ግን ማንም አልነገረኝም።

ቅዳሜ ወደ ስካይዌይ ሄድኩ። ከምኖርበት ከቱክዊላ እዚያ ድረስ አሥር ደቂቃ አይሞላም፤ እኔ ሃያ አምስት አደረግኩት። መንገዱን ሙሉ «እትዬ፣ አንድ የምነግርዎት ነገር አለ» እያልኩ ተለማመድኩ። በሩን ሲከፍቱልኝ «እትዬ፣ አንድ የምነግርዎት…» እንዳልኩ ስልካቸውን ከጆሯቸው ሳያነሱ በእጃቸው ዝም አሰኙኝ።

«…አዎ አልማዝ፣ እሱ ነው፣ የሬድመንዱ ኢንጂነር። ነገ ሽማግሌ ይልካል። በይ ቻው፣ መጥቷል» አሉና ዘጉ። አልማዝ የማኅበራቸው ሴት ናት። ለአልማዝ የተነገረ ነገር ከምሽት በፊት ሌላ ከተማ፣ ኤቨረት ድረስ ይደርሳል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይኸው ነው። «ምን ልትነግረኝ ነበር?» አሉኝ።

«ሳጥኑ… የሳጥኑን ምክንያት አግኝቼዋለሁ» አልኩ።

የፊደል ራስ ላይ ስለሚቀመጡት ምልክቶች ስነግራቸው እትዬ ዘነቡ እጃቸውን አጨበጨቡ። «እንደ ዜማ ምልክት ነዋ! እሱ የሌለበትማ እንዴት ይነበባል! እኚህ ሰው እውነታቸውን ነው ሾርባ የመለሱት» ብለው ከፊቴ ቀድመው ወደ ሚስተር ኮስታ ክፍል ገቡ።

አንደኛውን ፎንት ከፈትኩ። ሳጥን የለም! ሚስተር ኮስታ ማሽኑን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው «አይሆንም» አሉ። ምልክቶቹ ከፊደሉ ራቅ ብለው ነፋስ እንደወሰደው ባርኔጣ ናቸው አሉኝ። ሁለተኛውን ከፈትኩ። «ይህ የመድኃኒት ካርቶን ላይ የሚጻፍ ነው። መጽሐፍ አይደለም።» ሦስተኛው ላይ ሁለት ፊደሎች ተመሳስለው አንዱን ከሌላው መለየት አልቻሉም፤ እኔ ሁሉንም መለየት ስለማልችል አስተያየት አልሰጠሁም። አራተኛውን «ሰክሯል» አሉት። እውነትም ወደ ቀኝ ተንጋዷል። አምስተኛው ለእኔ ከአንደኛው ጋር አንድ ነው፤ እሳቸው ግን ሰደቡት፤ ስድቡ ግሪክኛ ስለነበረ ልተረጉምላችሁ አልችልም። ደግሞ በየፎንቱ ላይ መጠኑን አሳድግ ይሉኛል፤ ሳሳድገው ገጹ ላይ አራት ቃል ብቻ ይቀራል፤ ሳሳንሰው አይታያቸውም። የትኛው ላይ እንደሆንን ጠፋኝ። አንዱን ፎንት ሁለት ጊዜ ሳላሳያቸው አልቀረሁም፤ ሁለት ጊዜም አልወደዱትም፤ በዚህ እንኳ ሐቀኛ ሰው ናቸው።

«ሚስተር ኮስታ፣ ይህን ያህል ልዩነት ከየት ይታይዎታል?» አልኩ ተስፋ ቆርጬ።

«አርባ ዓመት ሥራዬ ነበር» አሉ። «ተሰሎንቄ ውስጥ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበርኩ። የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ በጣቴ እየለቀምኩ ነው መጽሐፍ የሠራሁት።»

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ! በዚህ ከተማ ውስጥ ካሉት አዛውንቶች ሁሉ፣ ለውሸታሙ ኢንጂነር የገጠመው የፊደል ባለሙያ ነው።

ሰባተኛውን ከፈትኩ። ሚስተር ኮስታ ወደ ማሽኑ ጎንበስ አሉ። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አኖሩና ቀስ ብለው ዳሰሱት፤ በጣታቸው የሚሰማቸው ይመስላሉ። «ይህ የእኛ ፊደል ነው» አሉ። «ገጹን ግለጥልኝ። ሂድ፣ ሂድ… ገና ነው… ሂድ።» ከመቶ ገጽ በላይ ገለጥኩ። አንድ ቦታ ላይ «ቁም» አሉኝ። በከንፈራቸው እያነበቡ፣ በጣታቸው መስመር እየቆጠሩ ወረዱና አንዱ ላይ ቆሙ። ከዚያ እንባቸው መጣ።

እትዬ ዘነቡ ደንግጠው «አይዞዎት! ምን ሆኑ?» እያሉ ትከሻቸውን ያዟቸው።

«ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር» አሉ ሚስተር ኮስታ። «ይህን መጽሐፍ ስለቅም እዚህ ጋ አንድ መስመር ዘለልኩ። ሳይታወቅ ታተመ። የማተሚያ ቤቱ ጌታ ‹ማነው ይህን የሠራው?› ሲል ‹ታናሲስ ነው› አልኩ። ታናሲስ ከጎኔ የሚሠራ ጓደኛዬ ነበር። በማግስቱ አባረሩት። አንድ ቀን እናገራለሁ፣ አንድ ቀን እናገራለሁ ስል እሱ ሞተ።» ጣታቸውን ከመስመሩ ላይ አላነሱም። «እኔ ያለኝ መጽሐፍ የዘለልኩበት ነው። በአዲሱ ላይ እንዴት ሆኖ ይሆን ብዬ ነው የእህቴን ልጅ ያስላክኳት። መስመሩ ተመልሷል። አንድ ሰው መልሶታል። ታናሲስ ግን አልተመለሰም።»

ሚስተር ኮስታ እንባቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው እጄን ያዙኝ።

«አመሰግናለሁ። ጎበዝ ኢንጂነር ነህ።»

«የኔ ልጅ!» አሉ እትዬ ዘነቡ።

ዛሬ አፌ ውስጥ ጎመን አልነበረም። አፈርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

«እትዬ፣ እኔ ኢንጂነር አይደለሁም» አልኩ። «ሾፌር ነኝ። ሬድመንድ ግቢ ውስጥ የሠራተኛ ባስ ነው የምነዳው። ይህን ፊደል ያገኘችልኝም አንዲት ተሳፋሪዬ ናት።»

እትዬ ዘነቡ ወደ እኔ ዞሩ።

«ባስ?»

«ባስ።»

«ፕሪንተሬን ታዲያ ማን ሠራው?»

«አጥፍቼ አበራሁት።»

«ማይክሮዌቩንስ?»

«እሱንም።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «የትዕግሥት አባት አዲስ አበባ ታክሲ እየነዳ ነው ያሳደጋት» አሉ ቀስ ብለው። «ሾፌርነት ነውር ነው ያለህ ማነው? ሦስት ዓመት ሙሉ ቤቴ እየበላህ፣ ዓይኔን እያየህ! ያሳዘነኝ ባሱ አይደለም።»

ይቅርታ አልኩ፤ ሁለት ጊዜ አልኩ። እሳቸው ስልካቸውን አወጡ። አለቀ፣ ሽማግሌዎቹን ሊያስቀሩ ነው ብዬ ግድግዳውን ተደገፍኩ።

«ሄሎ፣ አልማዝ? ስለ ልጁ የነገርኩሽ… ኢንጂነር አይደለም። ሾፌር ነው።» ከስልኩ ውስጥ የአልማዝ «ምን?!» እኔ ጋ ድረስ ተሰማ። እትዬ ዘነቡ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። «ማለቴ፣ የሾፌሮቹ ሁሉ አለቃ ነው።»

ሚስተር ኮስታን አየኋቸው። አማርኛ አያውቁም፤ ጣታቸው አሁንም መስመሩ ላይ ነው።

«አይደለሁም!» አልኩ ጮክ ብዬ።

እትዬ ዘነቡ ስልኩን በመዳፋቸው ከድነው አፈጠጡብኝ። እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም። በመጨረሻ በረጅሙ ተነፈሱና መዳፋቸውን አነሱ።

«አይደለም አለ፣ አልማዝ። ሾፌር ነው፤ በቃ።» ጥቂት አዳመጡ። «ነገ? እንዴታ፣ በዘጠኝ ሰዓት ይመጣሉ። አንቺም ነይ። ፕሪንተርሽ እንደተበላሸ ነው አይደል? ይዘሽው ነይ፤ አጥፍቶ ያበራልሻል።»